ከሰልባጅ ፌስታል የወጡት የፊልም መንኮራኩሮች፦ ሀብት ወይስ መጫወቻ?

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ቱሉ ዲምቱ ከሰልባጅ ሻጭ ለልጆቼ ጃኬት ስገዛ አንድ ፌስታል መጫወቻ በትንሽ ብር ጨመረልኝ። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ አምስት ግራጫ መንኮራኩሮች፣ ከበድ ያለች አንዲት የብረት መንኮራኩር፣ ሚሳይል የምትተኩስ አንዲት የፕላስቲክ በራሪ፣ እንዲሁም ነጭ የነበረ አሁን ግን ወደ ቢጫ የሄደ የፊልም ወታደር አገኘሁ። ወታደሩ እግሩ ላይ 1977 ተጽፎበታል። የባለቤቴ ወንድም ‹ይሄ ሺህ ዶላር ያወጣል፣ እንዳትነኪው› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹በበረኪና ዘፍዝፊና ለልጆቹ ስጪ› ትላለች። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ መሰብሰብ እፈልጋለሁ ብሎ ይዞኛል፤ ታናሿ ገና እየዳኸች ነው። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ የሁለቱንም አትስሚ። ያገኘሽው ሀብት አይደለም፤ በረኪና የሚነካው ዕቃም አይደለም። ልጅሽ ግን ካወቀበት ጥሩ የስብስብ መነሻ ይሆነዋል። እኔ እንጀራዬን የምበላው ገላን ካለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሞልድ ክፍል ነው፤ ባልዲና ጆግ የሚወጣባቸውን የብረት ቅርጾች እጠግናለሁ። ትንንሽ የፊልም መንኮራኩሮችን የምሰበስበውም በዚሁ ዓይን ስለሆነ መልሴ ከፊልሙ ይልቅ ወደ ፕላስቲኩ ቢያደላ አትፍረጂብኝ። ዓመታቱን፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከሁሉ በፊት ያቺን ሚሳይል የምትተኩሰውን በራሪ ዛሬውኑ ከምትድኸው ልጅ አርቂያት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በ1978 እና በ1979 መሸጋገሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ «ባትልስታር ጋላክቲካ» ከተባለው የቴሌቪዥን ፊልም መጫወቻ የወጣች ትንሽ ሚሳይል ጉሮሮው ውስጥ ገብታበት አንድ ሕፃን ሞቷል፤ አምራቹ ማቴልም ሚሳይሎቹን ከገበያ መሰብሰብ ግድ ሆነበት። በዚያው ሰሞን ኬነር የተባለው ኩባንያ ከጀርባው ሮኬት የሚተኩስ «ቦባ ፌት» የሚባል የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ገጸ ባሕርይ አወጣለሁ ብሎ አስተዋውቆ ነበር። በኋላ ግን ሮኬቱን ከጀርባው ጋር አጣብቆ፣ እንዳይተኩስ አድርጎ ነው ለልጆቹ የላከው። የባለቤትሽ ወንድም የሰማው የዶላር ወሬ ምንጩ ይኸው ሳይሆን አይቀርም፦ ለሽያጭ ሳይበቁ ከቀሩት ከእነዚያ የሚተኩሱ ናሙናዎች አንዱ በ2024 ጨረታ ላይ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቷል። ያን ያህል ያወጣው ሱቅ ገብቶ ስለማያውቅ ነው። ሱቅ ያልገባ ዕቃ ደግሞ ከሰልባጅ ቦንዳ አይወጣም።

አሜሪካኖቹ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራን መጫወቻ የሚፈትኑበት አንድ ሲሊንደር አላቸው፤ አፉ 3.17 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባ ነገር ለሕፃን አይሰጥም። ሶፍት የሚጠቀለልበት ክብ ካርቶን ከዚያ ትንሽ ስለሚሰፋ ወደ ጥንቃቄው ያደላል፤ በእሱ ፈትኚ። አምስቱ ትንንሽ መንኮራኩሮች እንደሚገቡ ከወዲሁ እነግርሻለሁ። በዚያ ላይ የድሮ መጫወቻ ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ደማቅ ቀይና ቢጫ አሮጌ ፕላስቲክ ውስጥም ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት። ትልቁ ልጅ በእጁ ይያዘው፣ ይታጠብ፣ አበቃ። ትንሿ ግን አፏ ውስጥ ነው የምታስገባው።

አሁን ወደ ወታደሩ። «ስታር ዋርስ» ላይ ያሉት ነጭ ለባሾች፣ ስቶርምትሩፐር የሚባሉት፣ ነው ብዬ ልነሳ። ፊልሙ በግንቦት 1977 ሲወጣ የመጫወቻውን ፈቃድ የያዘው ኬነር አልደረሰለትም ነበር፤ ለዚያ ዓመት የገና በዓልም አልደረሰም። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ባዶ ካርቶን ሸጡ። ወላጅ ገዝቶ የሚሰጠው ስዕል ያለበት ካርቶንና ኩፖን ብቻ ሲሆን፣ ኩፖኑን የላከ ልጅ በ1978 መጀመሪያ አራት ምስሎች፣ ማለትም ሉክን፣ ልዕልት ሊያን፣ ቹባካንና አርቱ ዲቱን፣ በፖስታ ተቀበለ። ወታደሩ በዚያው ዓመት ከወጡት የመጀመሪያዎቹ 12 ምስሎች አንዱ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ በእኛ 1969 ዓ.ም ነበር፤ አዲስ አበባ የአሜሪካ መጫወቻ የምታስብበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ «ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀመጥኩት ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው። እዚህ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ኋላ የመጣ ነው፦ በሰልባጅ ቦንዳ፣ በዲያስፖራ ሻንጣ፣ ወይም ኮንትራቱን ጨርሶ የሚሄድ ፈረንጅ የቤት ዕቃውን ሲሸጥ። ይህ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ይወስናል። ፈረንጆቹ ስለ ስብስብ የሚጽፉት በአብዛኛው ስላልተከፈተ ካርቶን ነው። እኛ ጋ ካርቶን የለም። የሚደርሰን ልጅ የተጫወተበት፣ መሣሪያው የጠፋ፣ ቀለሙ የተላጠ ዕቃ ነው፤ እና በዚያ ሚዛን ራስሽን ከለካሽ ገና ሳትጀምሪ ተስፋ ትቆርጫለሽ።

እግሩ ላይ ያለው 1977 የተመረተበት ዓመት አይደለም። የባለመብትነት ዓመት ነው። ያው ሞልድ በ1983 የተፋው ወታደርም እግሩ ላይ 1977 ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ «ከዚህ በፊት አልተሠራም» ከማለት ውጪ ምንም አይመሰክርም። መነበብ ያለበት አጠገቡ ያለው ነው። «ጂ ኤም ኤፍ ጂ አይ» የሚሉ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ፣ የጀነራል ሚልስ የመጫወቻ ክፍል አሕጽሮት ነው፤ አዎ፣ የቁርስ እህል የሚያሽገው ጀነራል ሚልስ፤ ኬነር ያኔ የእሱ ንብረት ነበር። «ሆንግ ኮንግ» የሚል ከታከለበት የበለጠ ደስ ይላል። «ሃዝብሮ» የሚል ካየሽ ግን ዕቃው የኋላ ነው፤ ሃዝብሮ ኬነርን የጠቀለለው በ1991 ነው። ሰውነቱም ይናገራል። የድሮው ወታደር ቀጭን ነው፣ ጭንቅላቱ ከደረቱ ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ አይዞርም። ምስሎቹ በ1995 እንደገና መውጣት ሲጀምሩ የመጡት ግን ጂም የከረሙ ይመስላሉ፤ ደረታቸው ያበጠ፣ እግራቸው የተከፈተ ነው።

ፎርጅድ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ።

ፕላስቲክ ቀልጦ ሞልድ ውስጥ ሲገባ ትኩስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ለስላሳው ፒቪሲ ከዚያም ይብሳል። ትክክለኛው አምራች ይህን አስልቶ ሞልዱን በዚያው ልክ ያሰፋዋል። አስመሳዩ ግን የመጀመሪያው ሞልድ በእጁ የለም፤ በእጁ ያለው ከሱቅ የገዛው ምስል ነው። ከእሱ ላይ ሞልድ ሲያወጣ አንዴ የቀነሰውን ዕቃ ሁለተኛ ያስቀንሰዋል። በመሆኑም እንዲህ የተገለበጠ ቅጂ ከወላጁ ያንሳል። 9.5 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ሰውዬ ላይ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጀምራል፤ በለስላሳ ፕላስቲክ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በዓይን አይያዝም፣ ትንሽ ልዩነት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ግን ይያዛል። ካሊፐር ከሌለሽ አንዱ ቶርኖ ቤት ጎራ በዪ፤ የታወቀ ኦርጅናል አጠገቡ አድርጎ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ካሊፐሩ ባይኖርም ፊደላቱ አሉ። የስልክሽን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ እግሩን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገሽ አብሪበት። ኦርጅናሉ ላይ የፊደሉ ጠርዝ ጥላ ይጥላል፤ የ7 ቁጥር ማዕዘን ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ቅጂው ላይ ጥላው ይደበዝዛል፣ ማዕዘኑ ይድቦለቦላል፣ ትንንሾቹ ፊደላት እርስ በርስ ይዋሃዳሉ። ቀጥሎ ሁለቱ የሞልድ ግማሾች የተገናኙበትን መስመር ፈልጊ፤ በክንዱና በእግሩ ጎን ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ጥፍርሽን አሳልፊበት። በደህና ሥራ መስመሩ ይታያል እንጂ ጥፍር አይይዝም። ከተያዘ ሞልዱ አርጅቷል ወይም መጀመሪያውኑ በደንብ አልገጠመም። መንኮራኩሮቹ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክብ ጠባሳዎች ታገኛለሽ፤ ዕቃውን ከሞልድ ገፍቶ የሚያወጣው ፒን የሚተዋቸው ናቸው። የታሰበበት ሥራ እነዚህን ክንፍ ሥር ወይም ሆድ ውስጥ ይደብቃቸዋል፤ ርካሽ ሥራ አናቱ ላይ ያኖራቸዋል።

ሰውዬው በእጁ ይይዘው የነበረው ጠመንጃ የለም ብለሽ ለብቻው እንዳትገዢ። በዚህ ሙያ በብዛት የሚገለበጠው እሱ ነው። «ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ ኦርጅናል ነው» የሚል ፈተና ሲወራ ትሰሚ ይሆናል፤ እኔ አላምነውም፤ ከኦርጅናሉ የሚሰጥም አለ፣ ከቅጂውም የሚንሳፈፍ አለ።

ደግሞ ፎርጅድ ሁሉ አይጣልም። በ1980ዎቹ ቱርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ «ኡዛይ» በሚል ስም የተሠሩት የስታር ዋርስ ምስሎች ዛሬ ሰብሳቢዎች ከኦርጅናሉ በብዙ እጥፍ የሚሻሙባቸው ናቸው፤ በፖላንድና በሀንጋሪ የተገለበጡትም ፈላጊ አላቸው። ቀለሙ እንግዳ የሆነ፣ ጭንቅላቱ የማይመጥን አሮጌ ምስል ካጋጠመሽ ከመጣልሽ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዪ። ከመርካቶ አዲስ ሆኖ የሚመጣው ደብዛዛ ቅጂ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ለልጅ መጫወቻ ይሁን።

ዋጋውን ልንገርሽና እንለፈው። ኬነር ከ1978 እስከ 1985 እነዚህን ምስሎች በመቶ ሚሊዮኖች ነው ያመረተው። ያለ ካርቶን፣ ያለ ጠመንጃ፣ ቢጫ የሆነ ወታደር ኦርጅናል ቢሆን እንኳ ውጭ አገር ከጥቂት አሥር ዶላሮች አያልፍም። የፖስታው ዋጋ፣ ክፍያው እዚህ እስኪደርስ ያለው ጣጣ፣ ገዢው «ስብራት አለው» ብሎ ቢመልሰውስ የሚለው ስጋት ሲደመር ለመሸጥ መድከሙ አያዋጣም። የባለቤትሽ ወንድም ይናደድ ይሆናል፤ ይናደድ።

አውራ ጣት የሚያካክሉት አምስቱ ግን ለእኔ ከወታደሩ ይጥሙኛል። ገልብጠሽ ሆዳቸውን እዪ። «ኤል ጂ ቲ አይ» የሚሉ አራት ፊደላት ካሉ ሉዊስ ጋሉብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ኩባንያ ሥራ ነው። ጋሉብ በ1980ዎቹ መጨረሻ «ማይክሮ ማሺንስ» በሚል ስም ጣት የሚያካክሉ መኪናዎችን አውጥቶ ታወቀ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የስታር ትሬክንና የስታር ዋርስን መንኮራኩሮች በዚያው መጠን ሠራ። በ1998 ሃዝብሮ ገዛው። ሆዳቸው ላይ ጠባብ ቀዳዳ ካለ የማቆሚያ ነው፤ ማቆሚያው ጠፍቶ ነው የደረሰሽ፤ ጫፉ የተሳለ ስቴኪኒና የጠርሙስ ቆርኪ ይተካዋል። ጋሉብ ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎችም አብሮ ይሸጥ ነበርና ፌስታሉን ከመጣልሽ በፊት አራግፊው። የጃኬቶቹንም ኪስ ፈትሺ፤ አልቀልድም።

እነዚህን ስትደረድሪ ልጅሽ አንድ ነገር ይጠይቅሻል፦ ግዙፉ የጦር መርከብና አንድ አብራሪ የምትይዘዋ ተዋጊ እንዴት እኩል ሆኑ? ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ ማካፈል ይችላል፤ አብራችሁ አስሉት። በፊልሙ ዓለም ኤክስ ዊንግ የምትባለው ተዋጊ 12.5 ሜትር ያህል ናት፤ ስታር ዴስትሮየር የሚባለው መርከብ 1600 ሜትር። በ2012 የወጣ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ መንኮራኩሮቹን 270 ጊዜ አሳንሶ ነው የሠራቸው። በዚያ ልክ ኤክስ ዊንግ 4.6 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ መርከቡን በዚያው ልክ እንሥራ ብንል ግን 5.9 ሜትር ይወጣል፤ ከሚኒባስ ታክሲ ይረዝማል። ጋሉብ ይህን ሒሳብ ትቶ ሁሉንም አንድ እጅ ላይ በሚያድር መጠን አወጣቸው። ሰብሳቢዎች ከጥንት ጀምሮ የሚከራከሩበት ነገር ይኸው ነው፦ ሁሉም እኩል ይሁን ወይስ ሁሉም በእውነተኛው ልክ ይነስ?

ኬነርም ከዚሁ ጣጣ አላመለጠም። ከእሱ በፊት የነበሩት ታዋቂ የወንድ ልጅ አሻንጉሊቶች 30 ሳንቲ ሜትር ነበሩ። ለ30 ሳንቲ ሜትር ሰው የሚሆን መንኮራኩር ሳሎን አይገባም፣ ዋጋውንም የሚከፍል የለም። ስለዚህ ሰውየውን ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር አወረዱት፤ በእውነተኛው ሰው 18ኛ እጅ ማለት ነው። ያም ሆኖ 34 ሜትር ያህል የሆነችው የስታር ዋርስ መንኮራኩር ሚሌኒየም ፋልከን በዚያ ልክ 1.9 ሜትር መሆን ሲገባት በ1979 ለገበያ ያወጧት ከግማሽ ሜትር ብዙም አታልፍም። ሰዎቹ ውስጧ ይቀመጣሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ሒሳቡን የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ለልጅሽ የምመክረው አንድ መጠን ብቻ እንዲይዝ ነው፤ እሱም አውራ ጣት የሚያክለው። የፊልሙን ዓይነት አታጥብቡት። ስታር ዋርስ ይሁን፣ ስታር ትሬክ ይሁን፣ ስሙን የማታውቁት ይሁን፣ ዋናው መጠኑ መግጠሙ ነው። ምክንያቴ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ የምንሰበስበው መርጠን አዝዘን ሳይሆን ቦንዳው ሲፈታ የወጣውን ነው። «የዚህን ፊልም ሙሉ ስብስብ» ብሎ የተነሳ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የጎደለውን ሲቆጥር ይኖራል። «የዚህን መጠን ማንኛውንም» ያለ ግን የሚመጣው ሁሉ ይጨምርለታል። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁና አዲስ ልላክ ካለ፣ ከ2022 ጀምሮ ጃዝዌርስ የሚባል ኩባንያ በትንሽ መጠን የሚያወጣቸው የስታር ዋርስ መንኮራኩሮች ከነትንንሽ ሰዎቻቸው አሉ፤ ሥራቸው ንጹሕ ነው። ከአሮጌዎቹ ጋር በመጠን አይገጥሙምና ሌላ መደርደሪያ ይሰጣቸው።

የብረቷ መንኮራኩር ሆዷን ሳላይ ስም አልሰጣትም። ኬነር ከ1978 ጀምሮ ጥቂት የብረት መንኮራኩሮች ሠርቷል፤ የእንግሊዙ ዲንኪ በ1970ዎቹ አጋማሽ የስታር ትሬኳን ኢንተርፕራይዝ አውጥቷል፤ ኮርጊ በ1979 የጄምስ ቦንድ ፊልም የጠፈር መንኮራኩር ሠርቷል፤ ሃዝብሮ ከ2005፣ ማቴል ደግሞ በሆት ዊልስ ስም ከ2014 ወዲህ በርካታ አውጥተዋል። ሁሉም ስማቸውን ሆድ ላይ ይጽፋሉ። ብረቱ ዚንክ ያለበት ቅይጥ ነው፤ የድሮ፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ከሆነ በውስጡ የቀረ እርሳስ ከጊዜ በኋላ እንዲሰነጣጠቅ ያደርገዋል፤ መድኃኒት የለውም። የአንቺ ከ1970ዎቹ ወዲህ ስለሚሆን ብዙም አያሰጋም። የላላ ክንፍ ካላት ብሎኗን በትንሽ ካቻቢቴ አጥብቂ። ሱፐር ግሉ አታድርጊ፤ ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ይተዋል፣ አይለቅም።

አሁን ጽዳቱ። በረኪና ተለጣፊ ወረቀቱን ያበላሻል፣ ብረቱን ይበላል፣ ቢጫውንም አይመልስም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ኤቢኤሱን ያሟሟዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ቀጫጭን ክንፎችን ያጣምማል። ተለጣፊ ያለበትን በእርጥብ ጥጥ ብቻ አብሺ። ሚሳይል የምትተኩሰው የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያ ካላት ክፈቺው፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ጥጥ በአቼቶ ነክረሽ ጥረጊው፣ ከዚያ በውሃ፣ ከዚያ አድርቂ። ከአሮጌ አልካላይን ድንጋይ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ የሚያቃጥል ስለሆነ በባዶ እጅሽ አትንኪው።

የወታደሩ ቢጫነት ቆሻሻ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ራሱ በፀሐይና በአየር የመጣበት ለውጥ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተጠቅመው ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያነጡ አሉ። ይነጣል። ግን ጥቁሩን ቀለም አብሮ ያደበዝዘዋል፣ ቢጫውም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ቢጫ የሆነ ኦርጅናል ከታጠበ ኦርጅናል ይሻለኛል። ሌላ ቢጫ እንዳይጨምርበት ግን መጠንቀቅ ይገባል፣ እዚህ ደግሞ ከፈረንጆቹ ይልቅ እኛ ነን መጠንቀቅ ያለብን። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ እኛ ከ2000 ሜትር በላይ ነን። የኮንዶሚኒየም መስኮት ደፍ ላይ የተደረደረ መንኮራኩር ሲያምር ይከርማል፣ ከዚያ አንድ ጎኑ ብቻ ይቀየራል። መስታወት ከጨረሩ የተወሰነውን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ቡፌው ከመስኮቱ ትይዩ ካልሆነ ቡፌ ውስጥ ይሁን፤ ስኒዎቹን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጊለት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለስላሳ ጎማ መሰል ምስልና ጠንካራ ፕላስቲክ መንኮራኩር አንድ ፌስታል ውስጥ አይቀመጡም። ለስላሳው ፒቪሲ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር ቀስ እያለ ይወጣል፣ የነካውን ጠንካራ ፕላስቲክም ያሟሟል። ሰውዬው የተኛበት የክንፍ ገጽ ላይ የሰውዬው ቅርጽ ታትሞ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው የለም። የሚጣበቅ ምስል ካለሽ በላርጎ አጥበሽ አየር እንዲያገኝ ለብቻው አስቀምጪው፤ አፉ በታሰረ ፌስታል ማፈን ያብሰዋል። ለአውራ ጣቶቹ የወረቀት የእንቁላል ትሪ ጥሩ ቤት ነው፣ አንድ ጉድጓድ ለአንድ መንኮራኩር። ክረምት ሲገባ ወረቀቱ እርጥበት ስለሚስብ ቀይሪው፤ ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አብረሽ ጣል አድርጊ፣ ከትንሿ እጅ አርቀሽ። የበጋው የኮዬ አቧራ በጨርቅ ሲጠረግ ይፍቃል፤ የሜካፕ ብሩሽ ይሻላል።

ተጨማሪ የት ይገኛል? ሰልባጅ ሻጩ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ጠይቂው። መጫወቻ ለእሱ ትርፍራፊ ነው፤ ከልብሱ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ ዕቃ ስለሆነ ሸጦ ቢገላገለው ይወዳል። ስልክ አውጥተሽ ፎቶ ማንሳት ከጀመርሽ ግን ዋጋው ዓይንሽ እያየ ይወጣል፤ ሆዱን ቤት ገብተሽ አንብቢ። በየብሎኩ እየዞረ «ቆራሌው!» የሚለውንም ሰውዬ አስለምጂው፦ «ትንንሽ አውሮፕላን መሰል ነገር ስታገኝ እኔ ጋ አምጣ» ካልሽው ሳይረሳ ያመጣል። ምናለሽ ተራ ደግሞ የተሰበረ ይገኛል። የተሰበረውን አትናቂ፤ የአንዱ ክንፍ ለሌላው መለዋወጫ ነው።

ልጁ አንድ ደብተር ይያዝ። እያንዳንዱ መንኮራኩር ከየት እንደተገኘ፣ ስንት እንደተገዛ፣ ሆዱ ላይ የተጻፈው ሳይቀነስ ሳይጨመር ይገልብጥ፤ የማይነበበውን ፊደል ገምቶ አይሙላ፣ ቦታውን ክፍት ይተው። ከፊልሙ ስም በፊት ይህን ይልመድ። ስሙ በኋላም ይገኛል፣ ፊደሉ ግን ሲታሽ ይጠፋል።

እርግጠኛ ሆኜ እንድነግርሽ ደግሞ ፎቶ ላኪልኝ፦ የወታደሩን ሁለት እግሮች ከጀርባ፣ የአምስቱንና የብረቷን ሆድ፣ መብራቱ ከጎን ሆኖ፣ አጠገባቸው ማስመሪያ ተጋድሞ። ከማጠብሽ በፊት አንሺያቸው።